ያውቁ ኖሯል? ጨው ሲበዛበት ሥራውን ወደ ሌሊት የሚያዞረው ቅጠል

በምድር ላይ ካሉ ፕሮቲኖች በብዛት የአንደኝነቱን ቦታ የያዘው በሥጋ ወይም በእንቁላል ውስጥ ሳይሆን በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ስሙ ሩቢስኮ ይባላል። በብርሃን አስተፃምሮ፣ ፎቶሲንተሲስ በምንለው ሥራ፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ ወደ ስኳር የሚወስደውን መንገድ የሚጀምረው ኤንዛይም ነው። በ2019 የወጣ ስሌት የዓለምን ሩቢስኮ ወደ 700 ሚሊዮን ቶን ገምቶታል። ለምድር ሕዝብ ቢከፋፈል ለእያንዳንዳችን 90 ኪሎ ገደማ ይደርሰናል። (በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያህል የበዛው ታዲያ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፤ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የሚባለው ሌላው የቅጠል ኤንዛይም በአንድ ሰከንድ እስከ ሚሊዮን ሞለኪውል ድረስ ማስተናገድ ይችላል። ሩቢስኮ ከ3 እስከ 10 ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ተክሉ የፍጥነቱን ጉድለት በቁጥር ያካክሰዋል፤ በስንዴ ቅጠል ውስጥ በውሃ ከሚሟሟው ፕሮቲን እስከ ግማሽ የሚሆነው ይኸው አንድ ኤንዛይም ነው።

ቀርፋፋነቱ ሳያንሰው ይሳሳታልም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን መያዝ ሲገባው ኦክስጅንን ይይዛል። ይህን በ1971 ያረጋገጡት ቦውስ፣ ኦግረንና ሄይግማን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በተለመደው አየርና በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ከአራት ወይም ከአምስት ሙከራ አንዱ ስህተት ነው። በተሳሳተ ቁጥር ተክሉ ጉልበት አፍስሶ ጥፋቱን ያርማል፤ ቀደም ሲል የያዘውን ካርቦንም ከፊሉን መልሶ ወደ አየር ይለቃል።

ጨው የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

አፈሩ ጨው ሲበዛበት ሥሩ ውሃ መሳብ ይቸግረዋል፣ ቅጠሉም ውሃ እንዳያባክን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ቀዳዳው ሲዘጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይገባም፤ ኦክስጅኑ ግን ቅጠሉ ውስጥ እንዳለ ነው። ያ ተሳሳች ኤንዛይም አሁን ይበልጥ ይሳሳታል። ይህ የመጀመሪያው ጉዳት ነው፣ ቶሎ ይመጣል። ሁለተኛው የሚደርሰው ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ፣ ሶዲየሙ ራሱ በቅጠሉ ውስጥ ሲጠራቀም ነው። አውስትራሊያዊቷ ራና መንስ ይህን የሁለት ምዕራፍ ጉዳት ለይታ በማስረዳት በዘርፉ ትታወቃለች።

ያውቁ ኖሯል? የባሕር ዳርቻና የጨው ሜዳ ተክሎች ኤንዛይም ከቦሎቄ ኤንዛይም ይበልጥ ጨው አይችልም። በ1972 ግሪንዌይና ኦዝመንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ጨው ወዳድ ከሆኑት ከአትሪፕሌክስና ከሳሊኮርኒያ፣ ጨው ከማይወደው ከቦሎቄም ኤንዛይሞችን አውጥተው በጨው ውሃ ፈተኗቸው። ልዩነት ይኖራል ብሎ የጠበቀ ሰው ያፍራል፤ ጨው ሁሉንም በተመሳሳይ ደረጃ አዳከማቸው። ለእኔ በዚህ ርዕስ ትልቁ እውነት ይህ ነው። ተክሉ ኤንዛይሙን ጨው አያስለምደውም። የሚቀይረው የኤንዛይሙን ቦታ፣ ሰዓትና መጠን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከሞላ ጎደል የእነዚህ የሦስቱ ዝርዝር ነው።

ከ50 በላይ የሚሆኑ ኤንዛይሞች ሥራቸውን ለመሥራት ፖታሲየም ይፈልጋሉ። ሶዲየም መልኩ ለፖታሲየም ስለሚቀርብ ቦታውን ይይዛል፣ ሥራውን ግን አይሠራም። ስለዚህ ተክሉን የሚገድለው የሶዲየሙ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከፖታሲየሙ ጋር ያለው ሚዛን መዛባት ጭምር ነው።

ቦታን በመቀየር እንጀምር። በእያንዳንዱ የቅጠል ሕዋስ መሐል ቫኪዩል የሚባል ትልቅ የውሃ ከረጢት አለ። ጨው የሚችሉ ተክሎች ሶዲየሙን እዚያ ያጉሩታል፤ ሩቢስኮና ጓደኞቹ ያሉበት ክሎሮፕላስት ግን ይጠበቃል። ሶዲየሙን ወደ ከረጢቱ ከሚያስገቡት በሮች አንዱን በ1999 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ የቤተ ሙከራ ተክል ውስጥ አበዙት፤ ተክሏም በሊትር 12 ግራም ገደማ ጨው ያለበትን ውሃ ቻለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ በቲማቲም ደገሙት። ቲማቲሙ አደገ፣ አፈራም፤ ጨው የተጠራቀመው በቅጠሉ እንጂ በፍሬው አልነበረም።

ነገር ግን ከረጢቱ ጨው ሲሞላ ከጎኑ ካለው ክፍል ውሃ ይስባል። ሚዛኑን ለመጠበቅ ተክሉ በክሎሮፕላስቱ በኩል ኤንዛይም የማይጎዳ ነገር መሙላት አለበት። ከእነዚህ መሐል ግላይሲን ቤታይን የተባለው ይገኝበታል። ስሙን ባያውቁትም ከቤትዎ አይጠፋም፤ በቀይ ሥርና በቆስጣ ውስጥ ሞልቷል። ሁለቱ የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው፣ ስኳር የሚመረትበት ነጩ ሥርም ሦስተኛ ወንድማቸው ነው። የሦስቱም አያት ዛሬም በአውሮፓ የባሕር ዳርቻዎች የሚበቅል የዱር ተክል ሲሆን ቤታይን የመሥራት ችሎታውን ለልጆቹ አውርሷል። ሥራው የሚካሄደውም እዚያው ክሎሮፕላስት ውስጥ ነው፤ ከሁለቱ እርምጃዎች የመጀመሪያውን የሚሠራው ኤንዛይም ኤሌክትሮን የሚያገኘው በቀጥታ ከብርሃን አስተፃምሮው መስመር ነው። ሩዝ ይህን ጥበብ አያውቅም። በእንግሊዝ ደግሞ ገበሬዎች የስኳር ሥር ማሳ ላይ ጨው ሆን ብለው እንደ ማዳበሪያ ይበትኑ ነበር። እኛ ማሳ ላይ ጨው ሲባል የሚመጣብን እርግማን ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ይጣፍጣል።

በደቡባዊ አፍሪካ፣ በሲናና በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚበቅል፣ ወደ ካሊፎርኒያና አውስትራሊያ ተሻግሮ አረም የሆነ አንድ ተክል አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ሜሴምብሪያንተመም ክሪስታሊነም ነው፤ የበረዶ ተክል ይሉታል። ቅጠሉና ግንዱ ላይ የውሃ ጠብታ የመሰሉ ፊኛዎች ስላሉት በፀሐይ ሲያዩት ያብለጨልጫል። ፊኛዎቹ የጨው ማጠራቀሚያ ናቸው። በጃፓን ቅጠሉን ለሰላጣ ይሸጡታል፤ ጨው ሳይነሰነስበት ጨው ጨው ይላል።

ይህ ተክል ለጋ ሳለ እንደ ስንዴና እንደ ባቄላ ቀን ቀዳዳውን ከፍቶ በሩቢስኮ ይሠራል። በ1972 ክላውስ ዊንተርና ዲተር ፎን ቪለርት የተባሉ ጀርመናውያን ጨው አጠጡት። ያዩት ያልተጠበቀ ነበር፤ ተክሉ የብርሃን አስተፃምሮ ስልቱን ቀየረ። ቀን ቀዳዳውን ዘጋ፣ ሌሊት ከፈተ። በኋላ ለዚህ ሙከራ የተለመደው መጠን በሊትር ወደ 23 ግራም ጨው ሆነ፤ የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ እንደሚይዝ ያስታውሱ። ለውጡ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ሌሊት ብርሃን የለም፣ ታዲያ ምን ይሠራል? ፔፕ ካርቦክሲሌዝ የተባለ ሌላ ኤንዛይም ይነሳል። ይህኛው በኦክስጅን አይታለልም። በቀዳዳው የገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በባይካርቦኔት መልክ፣ ይይዝና ማሊክ አሲድ እንዲሆን መንገድ ያስይዘዋል፤ በፖም ውስጥ የምናገኘው ኮምጣጣ አሲድ ማለት ነው። አሲዱ በቫኪዩሉ ውስጥ ያድራል። ሲነጋ ቅጠሉ ቀዳዳውን ይዘጋል፣ አሲዱን ይሰብራል፣ የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሩቢስኮ ያቀርባል። ማታ አቡክቶ ጠዋት የሚጋግር ሰው ሥራ ነው። በር የተዘጋበት ክፍል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚበዛ ሩቢስኮም ስህተቱን ይቀንሳል፤ ውሃም አይባክንም።

ይህን ለማድረግ ተክሉ የጂን መጻሕፍቱን ይገልጣል። ጨው ሲገባ በዋናነት ለዚህ ሥራ የተለየ አንድ የፔፕ ካርቦክሲሌዝ ጂን ይነቃል፣ ኤንዛይሙም ብዙ እጥፍ ይጨምራል። በአንጻሩ የሩቢስኮን ትናንሽ ክፍሎች የሚያሠሩት የጂን መልእክቶች ይቀንሳሉ። ሩቢስኮ 8 ትልልቅና 8 ትናንሽ ክፍሎች የተገጣጠሙበት ነው፤ የትልልቆቹ መመሪያ በክሎሮፕላስቱ ውስጥ፣ የትናንሾቹ በሕዋሱ ኒውክሊየስ ውስጥ ስለሚገኝ ሁለት መዝገብ ቤቶች ተስማምተው መሥራት አለባቸው።

ኤንዛይሙን ማብዛት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ማጥፊያና ማብሪያ ያስፈልገዋል። ፔፕ ካርቦክሲሌዝ ቀንም ቢሠራ ኖሮ ከአሲዱ የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ አሲድ ያደርገውና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። ስለዚህ ቀን ማሊክ አሲዱ ራሱ ኤንዛይሙን ያግደዋል። ሌሊት ሌላ ኤንዛይም መጥቶ የፎስፌት ቁራጭ ይለጥፍበታል፤ ያን ጊዜ እገዳው ይላላና ሥራው ይቀጥላል። ይህን የፎስፌት ብልሃት በ1980ዎቹ በስኮትላንድ ግላስጎው የሂዩ ኒሞ ቡድን ከእንዳሁላ ዘመዶች በአንዱ ላይ አጥንቶታል።

ጨዉ ቢታጠብለትስ? በለጋነቱ ከሆነ ተክሉ በከፊል ወደ ቀድሞው ሥራው ይመለሳል፤ የነቃው ጂንም መልእክቱን ይቀንሳል። በዚህ ላይ ግን ለዓመታት ክርክር ነበር። ተክሉ የሚቀይረው ጨው ስላስገደደው ነው ወይስ ስላረጀ? በ2007 ዊንተርና ጆሴፍ ሆልተም ከመከራ ሁሉ ጠብቀው ያሳደጉት ተክል ዕድሜ ልኩን ቀን ሲሠራ እንደኖረ አሳዩ። ዊንተር ከ1972 ጀምሮ ያንኑ አንድ ተክል ሲጠይቅ የኖረ ሳይንቲስት መሆኑን ሳስብ ትዕግሥቱ ይደንቀኛል።

ሌሊት የመሥራት ስልት ራሱ በጨው አልተጀመረም። ቁልቋል፣ በለስ፣ ቃጫና አናናስ ሁሉ ይህንኑ ያደርጋሉ፤ እንዳሁላም እንዲሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሕንድ ይኖር የነበረ ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ሰው የእንዳሁላን ዘመድ ቅጠል ጠዋት ሲቀምሰው ኮምጣጣ፣ እኩለ ቀን ላይ ጣዕም የለሽ፣ ሲመሽ መራራ ቢጤ መሆኑን በደብዳቤ አሳወቀ። ኤንዛይሙ ሳይታወቅ ሥራው በምላስ ተመዘገበ። እርስዎ ግን ለሙከራ ብለው አይቅመሱ! የእንዳሁላ ወገኖች ውስጥ የልብን አመታት የሚያውክ መርዝ ያለባቸው አሉ፤ ከብትም ይገድላሉ።

ጤፍ በብርሃን አስተፃምሮ ስልቱ ከስንዴ ይልቅ ለሸንኮራ አገዳ እንደሚቀርብ ያውቁ ኖሯል? ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ሸንኮራ አገዳ ሲ-4 ይባላሉ። እነሱም ፔፕ ካርቦክሲሌዝን ያስቀድማሉ፤ ልዩነቱ ሥራውን የሚከፋፍሉት በሰዓት ሳይሆን በቦታ መሆኑ ነው። በውጨኛው ሕዋስ የተያዘው ካርቦን የቅጠሉን ጅማት ወደከበበው ሕዋስ ይሄድና እዚያ ለሩቢስኮ ይለቀቃል። መንገዱን በ1966 በአውስትራሊያ ብሪዝበን በሸንኮራ አገዳ ላይ ያብራሩት ሃል ሃችና ሮጀር ስላክ ናቸው። ከዚያ በፊት ሃዋይ ላይ ሁጎ ኮርትቻክ፣ በሶቭየት ኅብረትም ዩሪ ካርፒሎቭ ምልክቱን አይተውት ነበር፤ የሰማቸው ግን ጥቂት ነበር።

ሲ-4 የሆነ ሁሉ ታዲያ ጨው ይችላል? አይችልም። በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ያለው የአሜሪካ የጨዋማነት ቤተ ሙከራ ባልደረቦች ማስና ሆፍማን በ1977 ያወጡት ሠንጠረዥ ዛሬም በየመስኖ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ አለ። ምርት መቀነስ የሚጀምርበት የአፈር ጨዋማነት፣ በዴሲሲመንስ በሜትር፣ እንዲህ ነው፤ ቦሎቄ 1፣ ሽንኩርት 1.2፣ በቆሎና ሸንኮራ አገዳ 1.7፣ ቴምር 4፣ ስንዴ 6፣ ጥጥ 7.7፣ ገብስ 8። ሲ-4 የሆነው በቆሎ ከታች ቀርቶ ሲ-4 ያልሆነው ገብስ ከላይ ወጣ። ገብስን የእህል ንጉሥ የሚሉት አባቶች ይህን ሠንጠረዥ ሳያዩ ነው።

ጨው ለብርሃን አስተፃምሮ የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ። በ1957 አውስትራሊያ ውስጥ ብራውኔልና ዉድ የአትሪፕሌክስን አንድ ዝርያ ከሶዲየም ፈጽሞ ነጻ በሆነ ውሃ አሳደጉት። ገረጣ፣ ቀነጨረ። ጥቂት ሶዲየም ሲሰጡት አገገመ። በኋላ እንደታየው ብዙ ሲ-4 ተክሎች ፓይሩቬት የተባለውን ጥሬ ዕቃ ወደ ክሎሮፕላስት የሚያስገቡት ከሶዲየም ጋር አጣምረው ነው፤ ይህን የሚያደርገው በር በ2011 በጃፓን ተመራማሪዎች ታወቀ። በቆሎ ግን በሶዲየም ፈንታ ሃይድሮጅንን ይጠቀማል። መጠኑ ቅንጣት ታህል ስለሆነ በዚህ አመካኝቶ ማሳው ላይ ጨው የሚበትን እንዳይኖር።

ኩዌት ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን፤ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ጨዋማ መሬት ላይ ዝቅ ብሎ የሚበቅለው ቢነርሺያ የተባለ ቅጠለ ወፍራም ተክል በሳይንስ ዓለም ዝነኛ ነው። ሲ-4 ያለ ሁለት ዓይነት ሕዋስ አይሠራም የሚለው እምነት ለአሥርተ ዓመታት ከጸና በኋላ፣ በ2001 ከመካከለኛው እስያ የጨው በረሃ የተገኘ አንድ ዘመዱ ሁሉንም በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሲሠራ ተገኘ። ቢነርሺያም ተከተለ። በአንዱ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክሎሮፕላስት አለ፤ ግማሹ በዳር፣ ግማሹ በመሐል ተድበልብሎ። ይህን ያፈለቀው የጨው ሜዳ እንጂ የለማ ማሳ አይደለም።

መጠን ደግሞ ሦስተኛው ስልት ነው፣ ብዙም አያምርም። ጨው የጠናበት ተክል አሮጌ ቅጠሎቹን ይሠዋል። ሶዲየሙ እዚያ ይከማቻል፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ሩቢስኮው ይፈርሳል፣ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን ወደ ለጋው ቅጠል ይሄዳል። ማሳ ውስጥ ከታች ጀምሮ ጫፉ የተቃጠለ ቅጠል ሲያዩ ይህ እየተካሄደ ሊሆን ይችላል።

ያ ተወቃሹ የሩቢስኮ ስህተት ራሱ በክፉ ቀን ይጠቅማል። ቀዳዳው ተዘግቶ ፀሐዩ ግን ሲያቃጥል ቅጠሉ የማይጠቀምበት ብርሃን ይተርፈዋል፤ የተረፈው ብርሃን ኦክስጅንን መርዝ ያደርገዋል። ስህተቱን የማረም ሥራ ትርፉን ጉልበት ይበላለታል። በ2000 ጃፓን ውስጥ የዚህ የእርማት መስመር አንድ ኤንዛይም የተጨመረለት ሩዝ ጨውን በተሻለ ሁኔታ ቻለ። በ2007 ደግሞ ቻይናውያን ሩቢስኮ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ መልሶ የሚያዘጋጅ ኤንዛይም በሩዝ ውስጥ አብዝተው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ሁለቱም ሩቢስኮን አልነኩትም፤ የነኩት ጎረቤቶቹን ነው።

ያውቁ ኖሯል? በዓለም ላይ በውሃ ውስጥ የብርሃን አስተፃምሮ ጣሪያ የት ድረስ ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ከሰጡት ሐይቆች ሁለቱ ቢሾፍቱ አጠገብ ናቸው። ጃክ ታሊንግና ባልደረቦቹ በ1973 ባወጡት ጥናት የአረንጓዴና የኪሎሌ ሐይቆችን ለክተው ምርታማነታቸውን ከላይኛው ወሰን አጠገብ አገኙት። ውሃው በሶዳ ጨው የበለጸገ ስለነበር ባይካርቦኔት ሞልቶታል። እዚያ ይኖር የነበረው ስፒሩሊና የተባለው ደቂቅ ፍጥረት ባይካርቦኔቱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ በዚህ ዓይነት ደቂቅ ፍጥረታት ውስጥ ከሚስቡት በሮች አንዳንዶቹ የሚሠሩት በሶዲየም ነው። ሩቢስኮውም በፕሮቲን ዛጎል ውስጥ ከካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ጋር ተዘግቶበት ይሠራል፣ ኦክስጅንም እምብዛም አያስቸግረውም። ኪሎሌ የሞጆ ወንዝ ውሃ ከገባበት በኋላ ጨዉ ቀጠነ፣ ስፒሩሊናውም ጠፋ። ከሻላ አጠገብ ባለችው በጭቱ ሐይቅ ፍላሚንጎዎችን ያየ ሰው ይህንኑ ስፒሩሊና ሲበሉ አይቷል።

ኤንዛይም ጨው አይለምድም ብለን ነበር። አንድ አፈንጋጭ አለ። በሙት ባሕር የሚኖረውና የጨው ኩሬዎችን የሚያቀላው ዱናሊየላ የተባለ አልጌ ጠንካራ የሕዋስ ግድግዳ የለውም፤ ጨዉን የሚቋቋመው ሕዋሱን በግሊሰሮል በመሙላት ነው። የውስጥ ኤንዛይሞቹ ስለዚህ ጨው አያገኛቸውም። የኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤል ትልቅ ማኅበረሰብ ባለባት በረሆቮት ከተማ በሚገኘው የዋይዝማን ተቋም ግን በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ጨው ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ፕሮቲን ከሽፋኑ ላይ አገኙ። ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ሆኖ ተገኘ። ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ በቀጥታ በጨዉ ውስጥ ስለሚሠራ ይህኛው ጨው እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። መጠለያ ያለው አልተቀየረም፣ መጠለያ የሌለው ተቀየረ። የዚህ አልጌ ቀይ ቀለም ቤታ ካሮቲን ነው፤ በኤይላት ኩሬዎች ለንግድ ይመረታል።

ወደ አገራችን ማሳ ስንመለስ፣ የአዋሽ ውሃ ራሱ ያን ያህል ጨዋማ አይደለም፤ ሆኖም በአሚባራና በመልካ ሰዲ በመስኖ የለማ ሰፊ የጥጥ መሬት በጨው ተትቷል። ምክንያቱ ውሃው አለመውጣቱ ነው። በዝቶ የፈሰሰው ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ያደርገዋል፣ ያ ውሃ ወደ ላይ ይሳባል፣ ፀሐይ ትመጠዋለች፣ ጨዉ ይቀራል። ጥጥ በሠንጠረዡ 7.7 ማግኘቱን አይርሱ፤ እሱን ያሸነፈ አፈር ሌላውን ምን ያደርገዋል? መተሐራ አጠገብ ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ጎረቤቱ ሸንኮራ አገዳ ነው። 1.7።

ማካሮኒ የሚሠራበት የዱረም ስንዴ ሶዲየምን ከቅጠሉ ማራቅ አይችልበትም። በ2012 የራና መንስ ቡድን ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ የተገኘ አንድ ጂን በተለመደው የማዳቀል ዘዴ አስገብተውለት ጨዋማ ማሳ ላይ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ምርት አገኙ። ጂኑ የሚሠራው ሥር ውስጥ ነው፤ ወደ ላይ ከሚሄደው ውሃ ሶዲየሙን ያስቀራል፣ ሩቢስኮም ሳይነካ ይቀራል። በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ የነበረው ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተደነቀው በዚሁ በዱረም ስንዴያችን ብዛትና ልዩ ልዩነት ነበር። በየጎተራውና በጂን ባንኩ ያለው ዘር ለጨው ምን እንደያዘ መፈተሽ የሚገባው ሥራ ነው።

በጥር 2019 የኢቲሃድ አውሮፕላን ከአቡዳቢ ወደ አምስተርዳም የበረረው ከፊሉ ከሳሊኮርኒያ ዘይት በተሠራ ነዳጅ ነበር። ተክሉ የበቀለው በባሕር ውሃ ነው። ኤንዛይሙ ግን፣ በ1972 እንደታየው፣ ከቦሎቄ አይሻልም።

አንድ የቤት ሥራ ለአንባቢ። በረንዳዎ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ አፈር ፊት ላይ ነጭ ቅርፊት ካዩ፣ የቅጠሎቹም ጫፍ ከታች ጀምሮ ከተቃጠለ፣ ጨው ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ እሱም ጨው ነው። ቅርፊቱን ጠርገው ያንሱ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ከሥር እስኪወርድ ድረስ በደንብ ያጠጡና የወረደውን ይድፉት። ማሰሮው ሥሩ ላይ ቀዳዳ ከሌለው ግን መጀመሪያ ቀዳዳ ያብጁለት።